ክሌርሞንን «ገደ ቢስ» አትበሉት

ስለ ፈረንሳይ ራግቢ ሲወራ የክሌርሞን ክለብ ስም ከተነሳ «እርግማን» የሚለው ቃል አብሮ ይነሳል። እስከ 2010 ድረስ ለሀገሪቱ ሻምፒዮና ፍጻሜ አሥር ጊዜ ቀርቦ አሥሩንም ጊዜ ተሸንፏልና ተንታኙ ገደ ቢስ ይለዋል፣ ተጋጣሚ ደጋፊ ያላግጥበታል፣ የገዛ ከተማው ሰው ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ «ተረግመናል» ሲል ኖሯል። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። ሽንፈቱን ምክንያት የለሽ፣ በኋላ የመጣውንም ድል ልፋት የለሽ ያደርገዋል። የክለቡን ታሪክ ከሥሩ ያየ ሰው እርግማን አያገኝበትም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሌርሞን ፌራን ያለችው በፈረንሳይ መካከለኛ ክፍል፣ ኦቨርኝ በሚባለው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ካቴድራሏ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ጥላሸት የለበሰ ይመስላል፤ ከከተማዋ በላይ ደግሞ ፒዊ ደ ዶም የሚባለው ተራራ ይታያል። የራግቢ ዋና አገር ግን ይህ አይደለም። ጨዋታው ሥር የሰደደው በደቡብና በደቡብ ምዕራብ፣ በቱሉዝ፣ በቤዚዬ፣ በፐርፒኛን፣ በባስኮች አገር ነው። ክሌርሞን ከዚያ ቀበቶ ወጣ ብላ የቆመች የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ፋብሪካው ደግሞ ሚሼሊን ነው፤ ያ መኪና ያለው ሁሉ የሚያውቀው ጎማ።

በ1911 ማርሴል ሚሼሊን፣ ከድርጅቱ ሁለት መሥራች ወንድማማቾች የአንደኛው የአንድሬ ልጅ፣ ለሠራተኞቹ የስፖርት ማኅበር አቋቋመ። ስሙ «የሚሼሊን ስፖርት ማኅበር» ነበር፤ በፈረንሳይኛ ምኅጻሩ ኤ ኤስ ኤም። በ1922 ክለቦች የንግድ ድርጅት ስም እንዳይሸከሙ ሲከለከል መላ ተፈለገ። ፋብሪካው ያለበት ሰፈር ሞንፌራን ይባላል፤ እሱም የሚጀምረው በዚያው በ«ኤም» ነው። ስለዚህ ሚሼሊን የሚለው ወጥቶ ሞንፌራን ገባ፣ ሦስቱ ፊደላት ግን ባሉበት ቀሩ። ዛሬም ደጋፊው ቢጫና ሰማያዊውን ለብሶ የሚጮኸው በእነዚያ ሦስት ፊደላት ነው። ከ2004 ጀምሮ ሙሉ ስሙ ኤ ኤስ ኤም ክሌርሞን ኦቨርኝ ሆኗል።

ማርሴል ሚሼሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈረንሳይ አርበኞች ወግኖ ነበር። በ1943 ጀርመኖች ይዘው ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ላኩት፤ በጥር 1945 እዚያው ጀርመን ምድር፣ በቡኸንቫልድ ሥር በነበረው ኦርድሩፍ ካምፕ ውስጥ ሞተ። ጦርነቱ ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ። የክለቡ ስታዲየም ስሙን ይዞ ቆሟል። ኳስ መምታት የማያውቅ የከተማው ሰው እንኳ «ማርሴል ሚሼሊን እንገናኝ» ሲል ስታዲየሙን ማለቱ ነው። ይህ ሁሉ ያለበትን ታሪክ «የፍጻሜ ተሸናፊ» በሚል ሁለት ቃል መዝጋት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሽንፈቶቹ እንምጣ፤ እርግማን የሚሉት እነሱን ነውና።

በ1936 በናርቦን 6 ለ 3፣ በዓመቱ በቪየን 13 ለ 7 ተሸነፉ። የሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው የፋብሪካ ክለብ በተከታታይ ሁለት ዓመት ለፍጻሜ መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በ1970 ላ ቩልት ከምትባል የሮን ወንዝ ዳር ትንሽ ከተማ ጋር ተገናኙ። ውጤቱ 3 ለ 0 ነበር። በሰማንያ ደቂቃ ውስጥ አንድ ትራይ ብቻ ተቆጠረ፤ ትራይ ማለት ኳሱን ተሸክሞ ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው፣ ያኔ የሚያወጣው 3 ነጥብ ነበር፣ ዛሬ 5 ነው። ይህኛው ሽንፈት ያንገበግባል፤ ሞንፌራን እንዲህ ያለ ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። በ1978 ግን የገጠማቸው ቤዚዬ ነው። ቤዚዬ በ1970ዎቹ ዋንጫውን እየደጋገመ የወሰደ፣ ማንም የማይችለው ቡድን ነበር፤ 31 ለ 9 ረታቸው። የዘመኑ አንደኛ አሸነፋቸው እንጂ የማን እርግማን ነው ይህ?

ቀጥሎ በ1994፣ በ1999፣ በ2001። ሦስቱንም ጊዜ የረታቸው ያው ቱሉዝ ነው፤ 22 ለ 16፣ 15 ለ 11፣ 34 ለ 22። ቱሉዝ ከ1994 እስከ 1997 አራት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደ ክለብ ነው። በ2008 እንደገና መጥቶ 26 ለ 20 አሸነፋቸው። እንግዲህ ከአሥሩ ሽንፈት አራቱ በፈረንሳይ ብዙ ዋንጫ ባለው በአንዱ ክለብ እጅ የደረሰ ነው ማለት ነው። የቱሉዝን ስም ጠርቶ መጨረስ ሲቻል ሟርት ፍለጋ ለምን ይኬዳል?

የፈረንሳይ ሻምፒዮና የሚወሰንበትን መንገድም አንርሳ። በእግር ኳስ ሊግ የለመደ አንባቢ የሠንጠረዡ መሪ ዋንጫውን የሚወስድ ይመስለዋል። እዚያ እንዲያ አይደለም። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በዝናብና በጭቃ ወራት ሙሉ የተለቀመው ነጥብ ወደ ጥሎ ማለፍ ያስገባል እንጂ ሻምፒዮን አያደርግም። ዋንጫው በአንድ ምሽት፣ በሰማንያ ደቂቃ ይቆረጣል። ዋንጫውም ዋንጫ አይደለም፤ ጋሻ ነው። የብሬኑስ ጋሻ ይባላል፣ በእንጨት ላይ የተለጠፈ የነሐስ ሰሌዳ፣ ከ1892 ጀምሮ ሲቀባበሉት የኖረ። ተጫዋቾቹ በፍቅር «ቁራጭ እንጨት» ይሉታል። እንዲህ ባለ ውድድር አሥር ጊዜ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ አሥር ጊዜ ከሀገሪቱ ሁለት ምርጥ ቡድኖች አንዱ ነበር ማለት ነው። ይህን ውድቀት ብሎ የሚጠራ ሰው መለኪያውን ይመርምር።

በ2007 በፓሪሱ ክለብ በስታድ ፍራንሴ 23 ለ 18፣ በ2008 በቱሉዝ፣ በ2009 በፐርፒኛን 22 ለ 13። ሦስት ዓመት በላይ በላዩ። አሠልጣኙ በ2006 የመጣው ኒውዚላንዳዊው ቨርን ኮተር ነበር። ብዙ ክለብ በዚህ ቦታ ላይ አሠልጣኝ ያባርራል፣ ቡድን ይበትናል። ክሌርሞን ይህን አላደረገም። ከጀርባው ያለው የጎማ ፋብሪካ ገንዘብ ትዕግሥት ያለው ገንዘብ ነው። እኔ ከክለቡ ታሪክ ሁሉ የማደንቀው ይህንን ውሳኔ ነው፤ «እርግማን» የሚለው ወሬ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚሸፍነው ይህንኑ ነው።

በ2010 የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። በእኛ ሚያዝያ መባቻ ዕለት ክሌርሞን በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደብሊን ላይ ከአየርላንዱ ሌንስተር ጋር ተጫወተ። መቺው (ኳሷን በግቡ ቋሚዎች መካከል እየመታ ነጥብ የሚያስቆጥረው ተጫዋች) አውስትራሊያዊው ብሮክ ጄምስ በሌላ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስቆጥራቸውን ምቶች አንዱን ከሌላው አስከትሎ ሳተ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳሷን መሬት አንጥሮ ሊመታት ሞከረ፤ ሳታት። 29 ለ 28፣ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ያን ምሽት የጄምስን ፊት ያየ ሰው ይህ ቡድን ዘንድሮም አበቃለት ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሃምሳ ቀን ቆጥሩ። ግንቦት 21፣ ብሔራዊው ስታዲየም ስታድ ደ ፍራንስ። ከፊታቸው የቆመው ያው አምና ያሸነፋቸው ፐርፒኛን። ፊጂያዊው የክንፍ ተጫዋች ናፖሊዮኒ ናላጋ ትራይ አስቆጠረ፣ ሞርጋን ፓራ ምቶቹን አገባ፣ 19 ለ 6 አለቀ። አስተውሉ፤ ድራማ የለውም፤ የመጨረሻ ደቂቃ ተአምርም አልነበረም። እርግማን ቢሆን ኖሮ ሊፈታ ተአምር ይሻ ነበር። ክሌርሞን ያሸነፈው የተሻለ ቡድን ስለነበረ ብቻ ነው። ጋሻውን ያነሳው ካፒቴኑ ኦሬሊየን ሩዥሪ የዚያው ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ ዣክም ለዚሁ ክለብ ተጫውቷል፣ እሱም ሙሉ የፕሮፌሽናል ዘመኑን እስከ 2018 ድረስ እዚያው ጨርሷል።

ከድሉ በኋላም «እርግማኑ ወደ አውሮፓ ተሻገረ» ይባላል። በ2013 ደብሊን ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከቱሎን ጋር ሲጫወቱ 15 ለ 6 እየመሩ ነበር። ቱሎን በቅጣት ምት 15 ለ 9 አደረሰው። ከዚያ የቱሎኑ ዴሎን አርሚቴጅ ኳሱን ይዞ ወደ መስመሩ ሲሮጥ፣ ሊደርስበት ወደሚሞክረው ብሮክ ጄምስ ዞር ብሎ በእጁ «ቻው» አለውና ትራይ አስቆጠረ። ጆኒ ዊልኪንሰን ከትራይ በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ምት አገባ፣ 16 ለ 15 ሆነ፣ በዚያው አለቀ። ያ የእጅ ውልብልብታ ዛሬም ይታወሳል፤ ክሌርሞናውያን ይቅር ያሉት አይመስለኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም። በ2015 እንደገና ቱሎን 24 ለ 18፣ በ2017 የእንግሊዙ ሳራሰንስ 28 ለ 17። ከሳራሰንሱ ሽንፈት ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ግን በፈረንሳይ ፍጻሜ ቱሎንን 22 ለ 16 አሸንፈው ሁለተኛውን ጋሻ ወሰዱ። በሁለተኛ ደረጃው የአውሮፓ ውድድርም በ1999፣ በ2007 እና በ2019 ሦስት ጊዜ ዋንጫ አንስተዋል። ስለነዚህ ሲወራ ብዙም አልሰማም።

ክለቡን ስወድ ጉድፉን አልደብቅም። ክሌርሞን በፊጂ፣ ናድሮጋ በሚባለው አውራጃ የወጣቶች ማሠልጠኛ አለው። ናላጋን የመሰሉ የክንፍ ተጫዋቾችን ያገኘው ከዚያ ነው፤ ኖአ ናካይታቺና አሊቨሬቲ ራካ ደግሞ በኋላ የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለበሱ። ለልጆቹና ለቤተሰቦቻቸው የሕይወት መንገድ መከፈቱን አልክድም። ይሁንና አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ያላት የደሴቶች አገር ምርጥ ልጆቿ ገና በአፍላነታቸው እየተለቀሙ ወደ ሀብታም ክለብ ሲሄዱ፣ ያሳደጓቸው መንደሮች ምን ተረፋቸው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ተጀምሮ ለቆመ ክለብ ይህ ጥያቄ ከሌላው ይልቅ ይከብደዋል።

በገዛ ሜዳው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ከ2009 መገባደጃ ጀምሮ ክሌርሞን በማርሴል ሚሼሊን በሁሉም ውድድር 77 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ሰባ ሰባት! ከአራት ዓመት በላይ ማንም እንግዳ አሸንፎ አልወጣም። ያቆመው ካስትር ነው፤ በግንቦት 2014፣ በጥሎ ማለፍ፣ 22 ለ 16። ወደ ስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ሊሄድ የተዘጋጀው ቨርን ኮተር በክሌርሞን አሠልጣኝነት የመጨረሻ ጨዋታውም ይኸው ሆነ። ገደ ቢስ ክለብ በገዛ ደጁ እንዲህ አይሆንም።

በከተማዋ መካከል ዦድ የሚባል አደባባይ አለ። ደጋፊው የፍጻሜ ጨዋታ ሲኖር በትልቅ ስክሪን ለማየት የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ከ2007 እስከ 2009 ሦስቱንም ዓመት አንገቱን ደፍቶ የተበተነው ከዚያ ነው። በአደባባዩ ጫፍ የቬርሳንዤቶሪክስ ሐውልት አለ፤ ቄሣርን እዚያው አጠገብ፣ ዤርጎቪ ላይ ድል ነስቶ በኋላ አሌዚያ ላይ እጁን የሰጠው የጎሎች መሪ፣ ፈረሱን እያስጋለበ። በ2010 ጋሻው ወደ ከተማዋ ሲገባ ዦድ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ነበር። በ1970 ላ ቩልት ያስቆጠረባቸውን ትራይ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው «ቁራጩን እንጨት» እየጠበቁ ነበር።