መዳቢዎቻችን ይኑሩልን

ድሬዳዋን ባቡር ነው የቆረቆራት ይባላል። ይሁን። ግን ባቡሩ ያላመጣልን፣ ራሳችን ያፈራነው አንድ ሙያ አለ። ዑለማ መመደብ ይባላል፤ የእስልምና ሊቃውንትን በየጎራው መክተት ማለት ነው።

አንድ ሼህ አርባ ሰከንድ ይናገራሉ። የኛ ልጅ ያያል፣ ይመድባል፣ ለጓደኞቹ ይልካል። አለቀ። ሼሁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪታብ ላይ ተደፍተው ይሆናል። ይደፉ! ቀፊራ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት እንኳ ለአንድ ኪሎ ሚዛን ታወጣለች። መዳቢያችን ግን የሰው አቂዳ፣ እምነቱን ማለት ነው፣ በዓይኑ ይመዝናል። የሱሪ ርዝመት፣ የጺም ብዛት፣ የጥምጣም አጠማጠም፤ በቃው። አላህ ይጨምርለት እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ሰሞኑን ከዚራ አካባቢ አንድ በርጫ ላይ ይህን ጥበብ በቅርብ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። የአወዳዩ ጫት ደርሷል፣ ምርቃናው ገና ነው። አንዱ ቪዲዮ ከፈተ። አንድ ሼህ «ክርስቲያን ጎረቤትህ ሐዘን ሲደርስበት ሂድና አፅናናው» ይላሉ።

«አህባሽ ናቸው» አለ መዳቢው፣ ከቅጠሉ ቀና ሳይል።

ሁለተኛ ቪዲዮ ተከተለ። ያው ሼህ ናቸው፤ ልብሳቸው እንኳ አልተቀየረም። «ቀብር ስትዘይር ለሟቹ ዱዓ ታደርጋለህ፤ ከሟቹ ግን አትለምንም» አሉ።

«አቦ፣ ወሃቢ ናቸው!»

ወሃቢ የሳዑዲውን ጥብቅ ትምህርት የሚከተል፣ አህባሽ ደግሞ እሱን የሚያወግዝ ጎራ ነው። ማንም አልደነገጠም። እኔ ግን አደነቅሁ። አንድን ሰው በሁለት ደቂቃ ሁለት ቦታ መመደብ ቀላል ቅልጥፍና አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንደምንመላለስ እያወቅን! ሦስተኛ ቪዲዮ ቢኖር ሼሁ ሺዓ ሆነው ያመሹ ነበር።

ይሄኔ ጥግ የያዘው ክርስቲያኑ ጓደኛችን ስኒውን አስቀመጠ። «ቆይ እስቲ፣ እናንተ ጋ ለዘብተኛ የሚባል ሰው የለም እንዴ? ለምንድነው ዝም የሚሉት?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን እኮ ነው፣ ለምን ዝም ይላሉ? ሼሁ ስልኩ ውስጥ ገና እያወሩ ነበር። አንዱ ድምፃቸውን ቀነሰው።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁትንም ማመስገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዮርዳኖሷ አማን አንድ መልእክት ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ከ50 አገር የመጡ 200 ያህል ዑለማ እዚያው ተሰብስበው ስምንት መዝሃቦችን፣ የእስልምና የሕግ ትምህርት መንገዶችን፣ ቆጠሩና የእነዚህን ተከታይ ካፊር (ከሃዲ) ማለት አይቻልም አሉ። ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብይን፣ ለመስጠትም ዕውቀት ያስፈልጋል ብለው ጨመሩ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እንጃ። በ2014 ደግሞ ከ120 በላይ ዑለማ ለአይሲሱ መሪ ለባግዳዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነጥብ በነጥብ፣ ከቁርአንና ከሐዲስ እየጠቀሱ አፋጠጡት። በ2015 ወገኖቻችን ሊቢያ ውስጥ ሲታረዱ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ድርጊቱን አውግዟል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ማንበብ ግን ጊዜ ይፈጃል። «ለምን ዝም አሉ?» ማለት ምንም አይፈጅም፤ በጉርሻ መሀል ይደርሳል።

ድሮ እንዲህ አልሠለጠንንም ነበር። ሐረር ሁለት ልጆቿ ተሟግተዋል፤ ሼህ አብዱላህ አል ሐረሪና ሐጂ ዩሱፍ አብዱራህማን። አንደኛው ኋላ ቤይሩት ገብተው እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው አረፉ፤ ሌላኛው ሳዑዲ ተምረው ሐረርን መልሰው ያዙ። ነገራቸው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ለስላሳ ሙግት ነበር አልልም፤ አንዱ ለሌላው ምሕረት አልነበረውም። ግን የተማሩ ሰዎች ሙግት ነበር። የሚናደዱትም አውቀው ነበር። አሁን ሳያነቡ መናደድ ተችሏል፤ ብዙ ወረቀት ድኗል።

ሙያውን ወደ መንግሥት ቢሮ ላስገቡትም ምስጋና ይድረስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚያን ጊዜው መንግሥት ራሱ መዳቢ ሆነ። ለዘብተኛው እስልምና የትኛው እንደሆነ ወሰነና የሼህ አብዱላህን ተከታዮች፣ አህባሽ የሚባሉትን፣ ከሊባኖስ አስመጣ። የሐረር ልጅ ትምህርት በቤይሩት ዞሮ በአውሮፕላን ተመለሰልን። ሐረማያም ከሥልጠናው ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ጎረቤት ስለሆንን ኮራን። እምነቴን ሥልጠና ላይ አልመርጥም ያለው ሕዝብ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ በየጁምዓው ሲወጣ አክራሪ ተብሎ ተመደበ። የንቅናቄው ኮሚቴ አባላት በ2012 ታሰሩ፣ በ2015 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በኋላም ተለቀቁ።

የዚያ ሥልጠና ትልቁ ፍሬ ዛሬ ነው የሚታየው። ከዚያ ወዲህ ለስለስ ያለ ነገር የተናገረ ኡስታዝ ሁሉ «ማን ልኮህ ነው?» ይባላል። ሰውየው ከመንግሥትም ከሊባኖስም ጋር ጉዳይ የለውም። አያቱ ያስተማሩትን ነው የሚደግመው። ቢሆንም ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ውጤት በእርግማንም አይገኝ፤ በበጀት ነው የመጣው።

ሙያው ዳኝነት ላይ ሲወጣ ደግሞ ምን እንደሚያምር ጎረቤት አገር አሳይቶናል። ሱዳን፣ ካርቱም፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1985። መሐመድ መሐሙድ ጣሃ የሚባሉ ሽማግሌ የፕሬዚዳንት ኒሜሪን የሸሪዓ አዋጅ ተቃወሙ፤ በመካና በመዲና የወረዱት የቁርአን አንቀጾች በአዲስ መልክ ይነበቡ የሚል ሐሳብም ነበራቸው። ሙርተድ (ከሃይማኖት የወጣ) ተብለው ተመደቡና ተሰቀሉ። ካይሮ ትንሽ ራራች። እ.ኤ.አ. በ1995 ፕሮፌሰር ናስር ሐሚድ አቡ ዘይድን ከሃይማኖት የወጣ ነህ ብሎ ፍርድ ቤት ከሚስቱ አፋታው። እሱ አልፈታም፣ እሷም ፍቱኝ አላለችም። ባልና ሚስቱ ተያይዘው ሆላንድ ገቡ። በጽሑፎቻቸው መስማማት የግድ አይደለም፤ እኔም የማልቀበለው አለኝ። ግን መልስ መጻፍ ከገመድ ይረክሳል።

የኛዎቹ ገመድ የላቸውም፣ አልሐምዱሊላህ። ምላስ ግን አላቸው። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ 82 መስጊድና 102 የአዋች (የወልዮች መቃብር) ቦታ አለ። የሸዋልን ስድስት ቀን ጾመው ሲፈቱ የሚከበረው ሸዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ዓለም ደስ አለው። መዳቢያችን ግን ደስ አላለውም። አያቱ ወደ አዋች ዕጣን ይዘው ሲወጡ በር ላይ ቆሞ «ኡሚ፣ ይሄ ሽርክ ነው» አላቸው፤ በአላህ ማጋራት ነው ማለቱ ነው። አሮጊቷ ሰሙት። ልጅ ሆኖ ቁርአን ቤት እጁን ይዘው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። አሊፍ እስኪይዝ ድረስ ለመምህሩ ስኳር የላኩትም እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ቁርስህን ብላ» ብለው አለፉ። ቁርሱን በላ። ከበላ በኋላ መደባቸው።

ስለ አዋች ዚያራ (ጉብኝት) የሚነሳው ክርክር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዋቂዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። የአንድ መዝሃብ ሰዎች የሆኑት ሻፊዒዎቹ እርስ በርሳቸው እንኳ ተከራክረውበታል። እንደዚያ ዓይነት ክርክር ግን የምሽቱ ሶላት ኢሻ ከተሰገደ በኋላ መስጊድ ቁጭ ብሎ ደርስ መስማት ይፈልጋል። የዚያ በርጫ ሼህም በየሳምንቱ ያስተምራሉ፣ በሩ ክፍት ነው። መዳቢዎቻችን ምን ያድርጉ? በዚያ ሰዓት ላይቭ ይገባሉ።

ሰሞኑን በርጫው ለሁለት መከፈሉን ሰማሁ። አንዱ መዳቢ ሌላውን መደበው፤ ያኛውም አላረፈም። አሁን አንዱ ቡድን ሳሎን፣ ሌላው በረንዳ ላይ ይቅማል። ክርስቲያኑ ጓደኛችን ወዴት እንደሚገባ ግራ ገብቶት በሁለቱ መሀል በር ላይ ተቀምጧል፤ ለዘብተኛ የሚሉት እሱን ሆኗል። ችግሩ ተርሙሱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የየትኛው ወገን እንደሆነ እስካሁን አልተመደበም።