የደሴ አጥርና የባርንስሊ አመድ

ከባርንስሊ ከተማ ብዙም በማይርቅ የሰሜን እንግሊዝ መንደር መኖር ከጀመርሁ 14 ዓመት አልፎኛል። ጎረቤቴ ዕድሜውን በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ያሳለፈ ጡረተኛ ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋውንና አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ፣ ባለመሬቱን አስፈቅዶ፣ ከመንደሩ በታች ወዳለው የግጦሽ መስክ ይወርዳል። የሚቆፍረው ከ100 ዓመት በፊት ሰዎች ከቤታቸው አውጥተው የጣሉትን ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ነው። ይህን መጀመሪያ ሲነግረኝ ለማመን ተቸግሬ ነበር። ደሴ ላይ ላደገ ሰው፣ አፉ ያልተሸረፈ፣ አንገቱ ያልነቃ ደህና ጠርሙስ ከጉድፍ ጋር ተደፍቶ መሬት ውስጥ ቀረ ማለት በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

አብሬው ወርጄ በዓይኔ አየሁት። ሣሩ ተገፎ ጥቂት ከተቆፈረ በኋላ አፈሩ ቀረና ግራጫና ጥቁር የከሰል አመድ ወጣ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤት የሚሞቀውም ምግቡ የሚበስለውም በድንጋይ ከሰል ስለነበር፣ ከየምድጃው የሚጠረገው አመድ ከሌላው የቤት ጥራጊ ሁሉ ይበዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ የየአካባቢው አስተዳደር የቤት ጥራጊን እንዲያነሳ መንገድ ከከፈተ ወዲህ፣ አመዱ ከተሰበረ ሳህን፣ ከአጥንትና ከባዶ ጠርሙስ ጋር በፈረስ ጋሪ እየተጫነ ከከተማ ዳር ባለ ረግረግና የጡብ አፈር በወጣበት ጉድጓድ ይደፋ ጀመር። አመድ ልል ስለሆነ ጠርሙሱን አቅፎ ያቆየዋል እንጂ ተጭኖ አይሰብረውም። ጎረቤቴ ዘንጉን ወደ መሬት ሰድዶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ድንጋይ ሲነካ የሚሰማው ደንቆሮ ድምፅና ጠርሙስ ሲነካ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ እንደሚለያዩ አስተምሮኛል።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሳበው ግን ያወጣውን ማንበቡ ነው። ጠርሙሱን በውሃ አጥቦ ወደ ብርሃን ያነሳና በጎኑ የሚወጣውን መስመር፣ ማለትም የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበትን ምልክት፣ በጣቱ ይከተላል። መስመሩ አንገቱ ላይ ከቆመ የጠርሙሱ አፍ በእጅ የተጨረሰ ነው፤ እስከ አፉ ጫፍ ከዘለቀ ግን ጠርሙሱ በማሽን የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አሜሪካዊው ማይክል ኦውንስ እ.ኤ.አ. በ1903 አካባቢ ሥራ ላይ ካዋለው አውቶማቲክ ማሽን ወዲህ የመጣ ነው። ጎድን ጎድን ያለው ሰማያዊ ጠርሙስ የመርዝ መያዣ ነበር፤ ኩራዝ በጠፋበት ጨለማ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው በመዳሰስ ብቻ እንዲለየው ታስቦ የተሠራ ነው። ለረጅም ጊዜ እርጥበት የመጠጠው ጠርሙስ ደግሞ ላዩ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ቅርፊት ያወጣል፤ ምክንያቱም ውሃው በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ጨዋማ ነገር ቀስ እያለ አጥቦ ይወስደዋል።

አንድ ቀን ያወጣው ጠርሙስ አንገቱ ላይ የተቆነጠጠ ሲሆን በውስጡ አንዲት የመስታወት ኳስ ትንቀሳቀስ ነበር። ሃይረም ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። መጠጡ ከተሞላ በኋላ የጋዙ ግፊት ኳሷን ወደ ላይ ገፍቶ በአፉ ውስጥ ካለው የጎማ ቀለበት ጋር ያጣብቃታል፤ ሌላ ክዳን አያስፈልገውም። ኮድ ከአንድ የባርንስሊ ጠርሙስ ሠሪ ጋር ተሻርኮ ይሠራ ስለነበር፣ ጎረቤቴ ይህን ጠርሙስ ሲያገኝ የአገሩን ልጅ ያገኘ ያህል ይደሰታል። ሳይሰበር መገኘቱ ግን ብርቅ ነው፤ የዚያ ዘመን ልጆች ኳሷን ለመጫወቻ ለማውጣት ጠርሙሱን ይሰብሩት ነበርና። ይህን ሲነግረኝ ደሴ ውስጥ ሆጤ በሚባለው ቦታ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ለአንዲት ብይ ስንል የምንጣላው ትዝ አለኝ። የእኛ ብይ ከየትኛው ዕቃ ውስጥ እንደወጣች ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ባለፈው ጥር ደሴ ስገባ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነበር። ከተማዋ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የቆረቆሯት፣ ንጉሥ ሚካኤል የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩባት፣ በኋላም የጣሊያን ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሰፈረባት ናት፤ የባሕር ማዶ ጠርሙስ ያልደረሰባት ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ገደል፣ ትውልድ በትውልድ ጉድፍ ወደሚደፋበት፣ ወረድሁ። መቆፈር አላሰብሁም፤ ጎርፍ የሸረሸረውን የገደሉን አፍ ብቻ ተመለከትሁ። አመድ አለ፣ የሸክላ ገል አለ፣ የምጣድ ስባሪ አለ፣ የበሬ አጥንት አለ። ሙሉ ጠርሙስ ግን አንድም የለም።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። በወሎ ቤት ጠርሙስ ይዞት የመጣው መጠጥ ሲያልቅ ሥራው ይጀምራል እንጂ አያበቃም። የወይኑ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ይገባበታል፤ ዘይቱ ሲለቅ ነጭ ጋዝ ይቀዳበታል፤ ጋዝ የነካው ወደ ምግብ አይመለስም፤ የኩራዝ ጋዝ መያዣ ሆኖ እስኪሰበር ያገለግላል። ትንሿ ብልቃጥ ሽቶው ሲያልቅ ኩል ይቀመጥባታል። አያቴ ጠርሙስ የምታጥበው ጠጠርና ውሃ ጨምራ፣ አፉን በመዳፏ ይዛ፣ እያንቀጫቀጨች ነበር፤ ክዳኑ የጠፋበትን በጨርቅ በተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ትወትፈዋለች። በመስከረም ግሸን ማርያም የሚሄዱ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከሙስሊሟ አያቴ ቤት ጠርሙስ ተውሰው ጠበል ያመጡበት ነበር፤ ሲመልሱትም ባዶውን አይመልሱትም፣ ማር ወይም ቅቤ ጣል ያደርጉበታል። ብርሌም ቢሆን አንድ ጊዜ ሲነቃ ነው ተስፋ የሚቆረጥበት፤ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ብሂል ሌላው ዕቃ ቢሰነጠቅም ተጠግኖ፣ ታስሮ፣ ተለጥፎ ያገለግል በነበረበት ቤት የተወለደ ነው። የቢራውና የለስላሳው ጠርሙስ የመያዣ ገንዘብ ስለሚከፈልበት በሳጥን ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ የተረፈውን ቆራሌው በየበሩ እየጮኸ ይሰበስበዋል።

ይህን ስጽፍ ድህነትን ለማስዋብ አይደለም። አያቴ ጠርሙሱን ያልጣለችው ሌላ ስላልነበራት ነው፤ የእንግሊዙ ቤተሰብ የጣለው ደግሞ ርካሽ ሆኖለት ነው። ልዩነቱ ግን ከኪስ አልፎ ወደ ታሪክ ይደርሳል። የእነርሱ ጠርሙስ ቶሎ ተጥሎ ቶሎ ስለተረሳ አመዱ እንዳለ ጠበቀው፤ የእኛው ሲሠራ ኖሮ ሲሰበር ስላለቀ መሬታችን ምንም አልያዘልንም።

እንዲህ እያሰብሁ ወደ ቤት ስመለስ ዓይኔ አጥራችን ላይ አረፈ። የድንጋይ አጥሩ ጫፍ፣ ሌባ እንዳይዘልበት በሲሚንቶ ላይ በተተከለ የጠርሙስ ስባሪ የተሸፈነ ነው፤ በልጅነቴ ኳስ ለማውጣት ስንጠላጠል ስንቶቻችን እጃችንን ቆርጠንበታል። መሰላል አስመጥቼ ወጣሁና ጎረቤቴ ያስተማረኝን ንባብ በዚያ ላይ ሞከርሁት። መቀመጫው ወደ ውስጥ በጥልቅ የገባ፣ ጥቁር ሊባል የሚችል አረንጓዴ የወይን ጠርሙስ ግርጌ አገኘሁ። ቡናማ የቢራ ስባሪ፣ የተቆረጡ የላቲን ፊደላት ከፍ ብለው የታተሙበት ነጭ ስባሪ፣ የሰማያዊ ብልቃጥ ትከሻ፣ የአንድ ብርሌ አንገት ከነአፉ። የቆርኪ መቀመጫ ከንፈር ያላቸውን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1892 የባለቤትነት መብት ከወጣለት የቆርኪ ክዳን ወዲህ የተሠሩትን፣ በቡሽ ከሚዘጉት መለየት ቻልሁ። አጥሩ በየጊዜው ስለተጠገነ አሮጌው ስባሪ ከግራ፣ አዲሱ ከቀኝ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ መሰላሉ ላይ ቆየሁ፤ የሰፈር ልጆች ከሥር ተሰብስበው ምን ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንዲት ልጅ የብርሌውን አንገት ስታይ የማን ቤት ጠጅ እንደነበር እናቷን እንደምትጠይቅልኝ ነገረችኝ፤ እኔ ልጠይቅ የሚገባኝ ጥያቄ ይህ ነበር።

የእንግሊዙን ልማድ እንዳለ ወደ ወሎ እናምጣ የሚል ሐሳብ የለኝም። እዚያም ቢሆን የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ ቆፋሪውን ሊቀብረው ስለሚችል ጎረቤቴ ብቻውን አይወርድም፣ ሲጨርስም ጉድጓዱን ደፍኖ ሣሩን ይመልሳል። በእኛ አገር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ፍለጋ ለመቆፈር ፈቃድ እንዲወጣ፣ በድንገት ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ተገቢም ነው። ከዚህም በላይ የወሎ መሬት በ1928፣ በ1933፣ እንደገናም በ2014 ዓ.ም. ጦር የተዋጋበት ነው። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ከጠርሙስ ጋር አንድ አፈር ውስጥ ሊተኛ ስለሚችል፣ ልጆች ብረት ወይም ጠርሙስ ፍለጋ አሮጌ ምሽግ እንዲቆፍሩ ማበረታታት ነፍስ ማጥፋት ነው።

የምመኘው የጎረቤቴን ሌላኛውን ልማድ ነው። ያገኘውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ ከየት እንደወጣ፣ ከስንት ክንድ ጥልቀት፣ ከምን ጋር፣ የማን ሱቅ ስም እንደታተመበት። እኛ ጋ መሬቱ ስላልያዘው መዝገቡ ያለው በሰው አፍና በቤት መደርደሪያ ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው። የድንጋዩ አጥር ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ ስባሪው ከፍርስራሹ ጋር በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ውሃው በሃይላንድ ነው፤ ዘይቱ በጀሪካን ነው። በዚያ እኔ በወረድሁበት ገደል ከሸክላው ገል በላይ የተከመረውም ሃይላንድ ነው፤ የቦርከና ወንዝ በክረምት የሚገፋውም እሱን ነው። አጥር የሚያፈርስ የደሴ ሰው ሁሉ ከማፍረሱ በፊት በስልኩ ፎቶ ቢያነሳውና ስባሪው ከማን ቤት እንደመጣ ሽማግሌ ቢጠይቅ፣ አንድ ሙዚየም ሊሠራው የሚያዳግተውን ሥራ ይሠራ ነበር።

ከመመለሴ በፊት አክስቴ ጓዳ ውስጥ አንድ ሙሉ ጠርሙስ አየሁ፤ አረንጓዴ፣ መጋጠሚያ መስመሩ አንገቱ ላይ የቆመ፣ አፉ በእጅ የተጨረሰ። አያቴ ከእናቷ እንደወረሰችው አክስቴ ነገረችኝ። እንድትሰጠኝ ለመንኋት።

«ልጄ፣ ዘይቱን በምን ላስቀምጠው?» አለችኝ።

ሌላ እንደማመጣላት ቃል ገባሁና በማግስቱ ሰኞ ገበያ ወረድሁ። ባዶ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ጀሪካኑና ሃይላንዱ ተራራ አክሏል፤ ጠርሙስ ፈልጌ ለማግኘት ረፋዱ አለቀ። ይዤላት ስገባ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። አረቄ ይሸታል ብላ መለሰችልኝ። በአመድም በግራዋም አጥባ እንደገና አሸተተችው፣ ሽታው አልለቀቀም፤ በእሷ ቤት አረቄ የገባበት ዕቃ ውስጥ ዘይት አይቀዳም። አረንጓዴውን ጠርሙስ ከሁሉም በኩል ፎቶ አነሳሁት፣ ርዝመቱን በገመድ ለካሁ፣ ከአያቷ ጀምሮ በውስጡ የተቀመጠውን ሁሉ እየጠየቅሁ ጻፍሁ፤ እሷም እየነገረችኝ ለምሳ ወጥ ዘይት ቀዳችበትና ወደ ቦታው መለሰችው።