እርማት፦ ኤልኢዲ አምፖል ጫጩት አያሞቅም

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ አስተያየቶች ላይ ከእንጅባራና ከደብረ ማርቆስ ጫጩት የምታሳድጉ ሰዎች አንድ ምክር እየተቀባበላችሁ ነው፦ «ካርቶኑ ላይ ከ60 ዋት እኩል ነው የሚል ኤልኢዲ ግዙ፤ እንደ ድሮው አምፖል ያሞቃል።» ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

እኩል የተባለው ብርሃኑ ብቻ ነው። የድሮው አምፖል ውስጥ ያለው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት 2500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይግላል። የሚያበራውም ስለጋለ ነው። ከሚወስደው ጉልበት 90 በመቶ ገደማው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለመብራት ብክነት ነው፤ ለጫጩት ግን ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። ኤልኢዲው ያንኑ ብርሃን የሚሰጠው 9 ዋት ገደማ ወስዶ ነው። ታዲያ የ60 ዋት ሙቀት ከየት ያመጣል?

ማረጋገጥ ቀላል ነው። «እኩል» የሚለውን ትታችሁ አምፖሉ ራሱ የሚወስደውን ዋት አንብቡ። ከዚያ ቴርሞሜትር በጫጩቶቹ ቁመት ልክ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን እዩ፤ መብራቱ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። በእንጅባራ ብርድ እንዲህ ካደሩ ደግሞ ጠዋት የምታገኙት የሞቱትን ነው። ኤልኢዲውን ሳሎን አብሩት። ለጫጩቶቹ የድሮውን ወይም የማሞቂያ አምፖል ስቀሉ፤ ከጭድና ከካርቶን ግን አደራ አርቁት።