«ጠጋ ጠጋ በሉ» የማይባልበት ድግስ

ባለፈው ጥር የወንድሜን ልጅ ቅልቅል ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ፣ ጀልባ ኮንትራት ይዘን አደረግነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጎንደር ገብቶ ጠበቀን። በማግስቱ ፒያሳ ቡና የምጠጣበት ቤት ብቅ ስል አንድ የልብ ወዳጄ «እናንተማ ዱባይ ገብታችኋል አሉ!» ብሎ ተቀበለኝ። ሳቅን። ቡናው ሲቀርብ ግን ቁም ነገሩን አመጣ። በዚህ ኑሮ ውድነት ጀልባ ተከራይቶ መደገስ ድሃውን መናቅ ነው አለኝ፤ ሃያ ሰው መርጦ ሌላውን መተው ደግሞ ዘመድ መግፋት ነው። ያን ዕለት በወጉ አልመለስኩለትም። አሁን ልመልስ።

ገንዘቡ ብዙ አያከራክርም። የእኛ አገር ሠርግ ምን እንደሚበላ የደገሰ ያውቀዋል፤ ሰንጋው፣ አዳራሹ ወይም ድንኳኑ፣ ዲኮሩ፣ የመኪናው አጀብ፣ ለዓመት የማይከፈል ብድር። ጀልባ የሚያዘው በሰው ቁጥር ሳይሆን በደፈናው ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠው በሚሄድበት ርቀትና በሚቆይበት ሰዓት ነው። ቅርብ ወዳለው የማንዳባ ገዳም ደርሶ መመለስና ሐይቁ ውስጥ እስካለው ደቅ ደሴት ድረስ መዝለቅ አንድ ዋጋ አይደለም። እኛ ለቀኑ የከፈልነው ለአንድ አዳራሽ ከተጠየቅነው ሩቡን አይሞላም ነበር። ከተረፈው ላይ ለሙሽሮቹ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ከፈልንላቸው። ድሃ መናቁ የቱ ጋ እንደሆነ ወዳጄ ያሳየኝ።

«ዱባይ» ያለው ነገር ግን አልፌው የምሄደው አይደለም። ያት፣ የቅንጦት ጀልባው፣ ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው በስልክ የሚላክልን ቪዲዮ ነው፤ ነጭ ጀልባ፣ ከኋላው ፎቅ፣ ኬክ፣ ፊኛ። ጎርጎራ ላይ ያገኘነው የሞተር ጀልባ ነው፤ ሸራ ጣሪያ፣ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ፣ የናፍጣ ሽታ። አንድ ነገር ግን እኩል ያደርጋቸዋል። የዱባዩም ያት ስንት ሰው እንደሚጭን በፈቃዱ ላይ ተጽፎለታል፤ ባለሀብት ነኝ ብትል ከዚያ በላይ አያስገባህም። ከዚያ ቪዲዮ ልንቀዳ የሚገባን ፊኛውን ሳይሆን ይህንን ነው።

ለምን ብትሉ፣ ጎንደር ውስጥ የጥሪ ዝርዝር የሚቀንስ ሰው አልተፈጠረም። እናት ትጽፋለች፣ አባት ይጨምራል፣ እድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው አለ፤ «የእሱን ሠርግ በልተን እሱን ባንጠራስ?» የሚባልለት አለ። ማንም ላይ መስመር ማስመር ነውር ነው። ቦታ ሲጠብብ መፍትሔው አንድ ነው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ይላታል፣ ድንኳን ውስጥ አሳላፊው ይላታል፣ ለቅሶ ቤትም ትባላለች። ደግ ቃል ናት፤ አልጠላትም። ድንኳን ጎኑ ይገለጣል፣ አግዳሚ ይታከላል፣ የቀረው ቆሞ ይበላል።

ውሃ ላይ ይህች ቃል ትገድላለች። ውሃ ዳርም ገድላለች። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚሁ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ለበዓሉ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ሰው እንደጫነ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፤ የተጎዳው ከዚያ ብዙ ነው። ዓለም ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው አንድ ወር ገና መሙላቱ ነበር። ያን ቀን ከተማው ውስጥ ያልደነገጠ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ባየሁት ድግስ ሁሉ «ይህ መድረክ ስንት ሰው ይችላል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ጀልባው እስኪጠይቀኝ ድረስ።

ጣናን ደግሞ ማወቅ ነው። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ በጣም ጎድጓዳ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ነው። የሚያታልለውም ይኸው ነው። ጠዋት እንደ ምጣድ ለጥ ያለው ውሃ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳበት ባንድ ጊዜ ይናወጣል፤ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው። የጎርጎራ ሰዎች «መሄጃችሁንም መመለሻችሁንም በጠዋት አድርጉት» የሚሉት ለዚህ ነው። የእኛ ድግስ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በፊት ሞቆ አያውቅም! ስለዚህ ጀልባ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሠዋው እንቅልፉን ነው። እኛ ከጎንደር የወጣነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታ ሦስት ቦታ ደውለን አረጋግጠናል። ይህ ስልክ ዛሬ የማንኛውም ጉዞ ስንቅ ስለሆነ ብዙ አላወራበትም። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርገን ጎርጎራ ስንደርስ ፀሐይ ገና ለጋ ነበረች።

የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ጎንደሬ ጣናን የባሕር ዳር ንብረት አድርጎ ነው የሚያየው። ጎንደር ሳትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ እዚያው ጎርጎራ አጠገብ ነበር፤ የአፄ ሱስንዮስ ፍርስራሽ ዛሬም ከሐይቁ ዳር ቆሟል። ከተማዋን የቆረቆሩት የአፄ ፋሲል አስከሬን የሚገኘው ደግሞ ጣና ውስጥ ነው፣ ዳጋ እስጢፋኖስ። ግንቡን ለእኛ ትተው ራሳቸው ውሃው ላይ አረፉ። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ጎርጎራን እንደገና አስወርቷል። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ትልቅ ጀልባም ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ባለፈችበት ከተማ ሁሉ ሰው ወጥቶ ነው ያያት። የጀልባ ድግስ ይበዛል ማለት ነው፤ ደስ ይለኛል። የምፈራው ጀልባው እኛን ሳያርመን እኛ ጀልባውን እንዳናበላሸው ነው።

ፍርሃቴ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጀልባ ፍለጋ ስንዞር መጀመሪያ ያነጋገርነው ባለጀልባ «ስንት ናችሁ?» አላለንም። «ስንትም ሁኑ፣ እስከ አርባ ይችላል» አለን። የሕይወት አድን ጃኬቱን አሳየን ስንለው ከመቀመጫው ሥር አንድ ማዳበሪያ ጎትቶ አወጣ። ቆጠርናቸው፤ አሥራ ስምንት። አምስቱ ማሰሪያቸው ተበጥሷል፣ አንዱን አይጥ በልቶታል። «ይሄ እኮ ፈረንጅ ሲመጣ ነው፣ የእኛ ሰው አይለብሰውም» አለ፤ አላፈረም። ቀብዱን ወደ ኪሳችን መለስን። በአገር ውስጥ ውሃ ላይ የሚደረገውን ጉዞ የመቆጣጠር ኃላፊነት የማሪታይም ባለሥልጣን ነው፤ ግን ባለሥልጣኑ በየጀልባው አፍ ላይ አይቆምም። ቀብድ የያዘ ደንበኛ ግን ይቆማል። ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ጃኬት የሚቆጥር ሠርገኛ ቢበዛ ያ ማዳበሪያ በአንድ ወር ውስጥ ይሞላ ነበር።

ሁለተኛው ባለጀልባ ሌላ ሰው ነው። ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም፣ ጎርጎራ ተወልዶ ያደገ፤ ሁሉም «ካፒቴን» ይለዋል። ሃያ ሁለት የአዋቂ ጃኬት አለው፣ ሁለት ደግሞ የልጅ። «ለእኔና ለረዳቴ ሁለት፤ ለእናንተ ሃያ። ሃያ አንደኛ የለም» አለ። ያችን ዓረፍተ ነገር ይዘን ቤት ገባን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልቻለውን ነገር፣ የወንድሜን ሚስት የጥሪ ዝርዝር፣ አንድ የጀልባ ልጅ ቆረጠው። ሙሽራው ሲያወራ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ «ጀልባው ነው» ይላል። ተክሊሉ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ የፈለገ ሁሉ መጥቶ መርቋል። ለጀልባው ግን ሃያ። አልዋሽም፣ ቅር ያለው አለ። የእናቴ ታናሽ እህት እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም። ለወዳጄ ሁለተኛ ክስ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ዘመድ ቅር ይሰኛል። አምስት መቶ ሰው ጠርቶ ማንንም ቀና ብሎ ሳያዩ መዋልም ግን ዘመድ ማክበር አይመስለኝም።

ስለ ገዳማቱ አንድ ነገር ልበል። ማንዳባ ሴት አይገባም፤ ይህን ሳይነግሩ ሙሽሪትንና ሚዜዎቿን እስከ ደጁ ወስዶ ጀልባ ላይ ማስቀረት ሲያጋጥም ሰምቻለሁ። ሙሽራ ይዞ ለሚሄድ ሰው ሴትም ወንድም የሚገቡባት፣ ሥዕሎቿ ዓይን የማያስነቅሉት የጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ከበቂ በላይ ናት። ዲጄና ጄኔሬተር ጭኖ በገዳም አጠገብ ማለፍን ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም። ቆርኪውንና የውሃ ላስቲኩን ሐይቅ ውስጥ የሚጥል ሠርገኛም አይቻለሁ። ያው ሰው ነው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የታየው እምቦጭ ጣናን ሊጨርሰው ነው ብሎ የሚያለቅሰው።

የዕለቱ ነገር እንዲህ ሆነ። ካፒቴኑ መሰላሉ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ጃኬት እያለበሰ ያሳፍራል። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አለና እጁን ዘረጋ። ከኋላ የሙሽሪት አጎት የሰባት ዓመት ልጁን እጇን ይዞ ቆሟል፤ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም።

«ሕፃን አይደለች እንዴ? እቅፌ ላይ አደርጋታለሁ» አለ አጎትየው።

«የልጅ ጃኬት አለኝ» አለ ካፒቴኑ። «ልትሄድ ትችላለች። አንድ ሰው ይወርዳል።»

ዝም ተባለ። ከዚያ የለመድነው ነገር ተጀመረ፤ «አንተ ልጅ፣ አንድ ሕፃን ምን ታከብዳለች?»፣ «የደስታ ቀን አታበላሽ እንጂ»፣ «ጠጋ ጠጋ ብንል እኮ…»። ልጁ ሞተሩን አላስነሳም። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የነበረው ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሙሽራው አባት፣ ጃኬቱን ፈታ። «እኔ ውሃ አልወድም» አለ፤ ውሸቱን ነው፤ ልጅነቱን መገጭ ወንዝ ውስጥ ነው ያሳለፈው። ወረደ። ልጅቷ ገባች።

መሐል ስንደርስ አዝማሪው ማሲንቆውን አነሳ፤ ድምፁ ሰልሏል። ቆዳው በፍንጣቂው ረጥቦ ላልቷል። ነጠላውን አልብሶ፣ ደግሞ ለፀሐይ እየገለጠ፣ እንደ ታመመ ልጅ አስታመመው። አንድ ጉማሬ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ወደ ግራ ተነሣን፤ ጀልባዋ ጎኗን ሰጠች፣ ጠርሙሶቹ ተንከባለሉ። «በየቦታችሁ!» የሚለው የካፒቴኑ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሃያ ሰው ያንን ካደረገ አርባ ሰው ምን ያደርግ ነበር እያልኩ ላቤን ስጠርግ፣ አዝማሪው ቆዳው ደርቆለት ኖሮ ጀመረ፦

«ድንኳኑ ደግ ነበር ሁሉን የሚያሳድር፣
ጀልባ ነው ዘመድን ቆጥሮ የሚያሳፍር።»

ጀልባው በሳቅ ተናጋ። የጋሼ ባለቤት ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷን አዙራ ወደ ጎርጎራ ታያለች። ለሽልማቱ መጀመሪያ ብር ያወጣች ግን እሷ ናት።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለስን። ጋሼ ዳሩ ላይ፣ ሊደርቅ ቀጥ ተደርጎ የቆመ የደንገል ታንኳ ጥላ ሥር፣ ከባለታንኳው ጋር ተቀምጧል። ጫማውን አውልቋል። መሐላቸው የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አለ፤ ሁለቱን እስከ አጥንታቸው ጨርሰዋቸዋል።

«እህ» አለ ጣቱን እየላሰ፣ «ቅልቅሉ እንዴት ነበር?»