መንገዱ ይሰፋል፣ ውሃውስ?

ኦገስት 27 ቀን 2017 ጎህ ሳይቀድ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት አንድ የ60 ዓመት የሂዩስተን ከተማ ፖሊስ ወደ ሥራ ወጣ። ሃርቬይ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋ ላይ ቆሞ ውሃ ይደፋባት ነበር። ባለቤቱ እንዲቀር ለምናው ነበር። አልቀረም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ክፍት መንገድ ፍለጋ ዞረ። መጨረሻ ላይ ኢንተርስቴት 45 የተባለው አውራ ጎዳና ከሃርዲ የክፍያ መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ አንድ መሿለኪያ ውስጥ ገባ። ጨለማ ነበር። ውሃው ከነመኪናው ዋጠው።

ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በጁላይ 2024፣ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። አሁንም አንድ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ሲቪል ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲሄድ እዚያው 45 አጠገብ ባለ ሌላ መሿለኪያ ሰጥሞ ሞተ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ብዙ አነስተኛ መኪኖችን ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ፒክአፑንም አይምርም። መሪ ጨብጦ ለተቀመጠ ሰው ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። በሌሊትማ ጭራሽ።

ይህን ያነሳሁት ያ 45 የሚባለው መንገድ እየፈረሰ እንደ አዲስ ሊሠራ ስለሆነ ነው። ከሂዩስተን መሃል ከተማ ተነስቶ በሰሜን በኩል እስከ ቤልትዌይ 8፣ ማለትም እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ። ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ከርሞ ሥራው በ2024 ተጀመረ። ወጪው ከ10 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ ይገመታል። በፒርስ ጎዳና ላይ በምሰሶ ቆሞ ዓመታት ያስቆጠረው ክፍል ይነሳል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ 45 እና ሌላው አውራ ጎዳና 69 ጎን ለጎን ሆነው ከመሬት በታች በተቆፈረ ሰፊ ቦይ ውስጥ ያልፋሉ።

አዎ፣ ቦይ። ጎርፍ በለመደች ከተማ።

መሐንዲሶቹ ይህን አላሰቡም አልልም። ቱቦውም፣ ፓምፑም፣ የጎርፍ ማቆያ ኩሬውም ዕቅዱ ውስጥ አሉ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስለዚህ መንገድ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የሌይኑ ብዛት ነው። ቀጥሎ ከቤት እስከ ሥራ ስንት ደቂቃ ይቆጥባል የሚለው ይመጣል። ውሃው የሚነሳው ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው። እዚያች ከተማ ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት።

ለምን? ሂዩስተን በ1836 የተቆረቆረችው ቡፋሎ ባዩ ዳር ነው። ባዩ የሚሉት ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ጭቃማ፣ ከወንዝ ያነሰ ውሃ ነው። ከተማዋ በእነዚህ የተሞላች ናት። መሬቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። አፈሩ በብዛት ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። ስለዚህ የወረደው ዝናብ ቁልቁል የሚሮጥበት ተዳፋት የለውም፤ ያለበት ቦታ ይተኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የከተማዋ ጎዳናዎች በከባድ ዝናብ ውሃ እንዲይዙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ቱቦው ሲሞላ ትርፉ መንገድ ላይ ይቆያል፣ ቤቱ ይድናል። ተቆፍረው የተሠሩት አውራ ጎዳናዎች ደግሞ ተፈለገም አልተፈለገም ትልቁ ገንዳ ይሆናሉ። በጁን 2001 አሊሰን የተባለው ማዕበል ሲመጣ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው የአውራ ጎዳና 59 ዝቅተኛ ክፍል ወንዝ መስሎ ነበር። በሃርቬይ ጊዜ ቡፋሎ ባዩ አጠገብ ያለው የቤልትዌይ 8 ዝቅተኛ ክፍል ለቀናት ውሃ ውስጥ ሰንብቷል። የደረቀውም በፓምፕ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ገንዳ በጥሩ ፓምፕ ቢደርቅ መኪናው ያልፋል። ውሃው ግን አልጠፋም። ወደ ባዩው ተገፋ። ባዩው ቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ታች ያለ ሰው በር ላይ ይደርሳል። መንገዱን ከፍ ማድረግም ያው ነው። ከነጭራሹ ግድብ ሊሆንም ይችላል።

ግድብ ስል እያጋነንኩ አይደለም። ከሂዩስተን በስተምሥራቅ ዊኒ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ኢንተርስቴት 10 አጠገቧ ያልፋል። ቴክሳስ መንገዱን አስፍታና ከፍ አድርጋ ስትሠራ መሃሉ ላይ አንድ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ድፍን የኮንክሪት ግንብ አቆመች። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ጎርፍ ሲመጣ ቢያንስ የደቡቡ ወገን ደረቅ ሆኖ ሰው እንዲሸሽበት ነው። ግንቡም ሥራውን ሠራ። በ2017 በሃርቬይ፣ በ2019 በኢሜልዳ ጊዜ ውሃው ከግንቡ በስተሰሜን ታቆረ። እርሻውና ከብቱ የሰጠመበት ገበሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ግዛቱን ከሰሰ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በኤፕሪል 2024 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ የካሳ ጥያቄያቸውን በቴክሳስ ሕግ በኩል መቀጠል እንደሚችሉ ወሰኑ። ከመሃል መንገድ የማይዘል አንድ ግንብ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ከጎን መንገዶቹ ጋር 100 ሜትር የሚሰፋ አውራ ጎዳና እንውሰድ። አንዱ ኪሎ ሜትር ብቻ 100,000 ካሬ ሜትር አስፋልትና ኮንክሪት ነው። 46 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 46 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። 20,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብትጭኑት 2,300 ቦቴ። በአንድ ኪሎ ሜትር!

46 የሚለውንም ከኪሴ አላወጣሁትም። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የቴክሳስን የዝናብ መጠን በ2018 እንደገና አሰላ። በየትኛውም ዓመት 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ከባድ ዝናብ፣ ሂዩስተን አካባቢ ቀድሞ በ24 ሰዓት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይባል ነበር። አዲሱ ቁጥር 46 አካባቢ ነው። በድሮው ቁጥር የተለካ ቱቦ ሁሉ ጠቧል ማለት ነው። አንድም ጡብ ሳይነቀል።

ስለ ሌይን ብዙ አልልም፤ ከሂዩስተን ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና፣ ኬቲ ፍሪዌይ፣ ብሎታል። በ2008 ተስፍቶ ሲያልቅ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። በሰፊው ቦታ ላይ የጎን መንገዶቹ ከተቆጠሩ 26 ሌይን ይደርሳል። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ብቻ ጠዋት ላይ የጉዞው ጊዜ 30 በመቶ፣ ከሰዓት በኋላ 55 በመቶ ጨመረ። ስፋቱ መኪናውን ጠራው፣ መኪናው መጣ።

በእርግጥ ለስፋት የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ አልክደውም። ሪታ የተባለው አውሎ ነፋስ። በሴፕቴምበር 2005 ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሂዩስተንና ከአካባቢዋ በአንድ ጊዜ ለመሸሽ ወጣ። ሰልፉ 45 ላይ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ተጓተተ። ሰው በሙቀት ሞተ። አረጋውያን የጫነ አውቶቡስ እዚያው 45 ላይ፣ ዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰው አለቀ። ቴክሳስ ውስጥ ከአውሎ ነፋሱ ይልቅ ሽሽቱ ብዙ ሰው ገደለ። በ2017 የዚያን ጊዜው ከንቲባ ሲልቬስተር ተርነር ከተማው እንዲወጣ ያላዘዙት ይህ ከፊታቸው ስለነበረ ነው። ውሳኔያቸው ብዙ ተተችቷል። እኔ ግን ትክክል ነበሩ እላለሁ። ሚሊዮኖችን በሁለት ቀን የሚያሸሽ መንገድ ማንም አይሠራም፤ 26 ሌይን ቢሆንም። ይልቅ ለሽሽት የሚፈለገው መንገድ ውሃ ሲመጣ የማይዘጋ ነው። ጠባብ ሆኖ የሚያልፍ፣ ሰፊ ሆኖ ከሚሰጥም ይሻላል።

የቤቶቹም ነገር አለ። ለዚህ ሥራ ከ1,000 በላይ መኖሪያ ቤቶች ይነሳሉ ተብሎ ታቅዶ ነበር። ብዙዎቹ የጥቁሮችና የላቲኖዎች ሰፈር ናቸው። ቀደም ሲል አውራ ጎዳናዎቹ ሲዘረጉ አንዴ የተሰነጠቁ ሰፈሮች፣ እንደ ፊፍዝ ዋርድና ኢንዲፔንደንስ ሃይትስ ያሉት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተራ ደረሳቸው። በ2021 የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ከሲቪል መብት ጋር በተያያዘ ሥራው እንዲቆም ጠይቆ ነበር። የሃሪስ ካውንቲም ከሶ ነበር። በኋላ ሁሉም ስምምነት ላይ ደረሱ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ብዙዎቹ ባዩዎቹ ዳር ናቸው። ከመንገዱ የተገፋ ውሃ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነሱን በር ነው። ለቤቱ ካሳ ያገኘው ሄዷል። ከአጥሩ ማዶ የቀረው ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ ብቀመጥ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ዝቅ ያለውን መንገድ የሚያደርቁት ፓምፖች የሚሠሩት በየትኛው መብራት ነው? ቤሪል ሲመታ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ነበር። ጄኔሬተሩ የት ይቀመጣል፣ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ብሎ? ማቆያ ኩሬው ከአስፋልቱ በፊት ነው የሚቆፈረው ወይስ በኋላ? በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የትኛው ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ መልሷን የምገምት ይመስለኛል። ኩሬ ሪባን አይቆረጥለትም።

ደግነቱ አንድ ነገር ደስ ብሎኛል። በ2024 ከተጀመሩት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሌይን አይደለም። ከመሃል ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሴንት ኢማኑኤል ጎዳና ሥር፣ ውሃ ወደ ቡፋሎ ባዩ የሚወስድ ትልቅ ቱቦ መቅበር ነው። የሰፈሩ ሰዎች በአቧራውና በተዘጋው መንገድ እያማረሩ ነው፤ ነጋዴዎቹም ገበያችን ቀዘቀዘ ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት አንድ ሰው ሄዶ የቱቦውን ስፋት ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኛል። በየትኛው ዓመት የዝናብ ቁጥር እንደተለካም ጭምር።