«ጭሱ እየወጣ አይደል?»

አዎ፣ ስለዚያው የሳሎናችን ምድጃ ጭስ ማውጫ ነው። እንዳታዛጉብኝ። ጭስ ማውጫ ጠራጊው ሰውዬ በመጨረሻ መጣ። ስንቴ «ነገ» ብሎ፣ ስንቴ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ፣ ዛሬ መጣ። ምነው በቀረ!

ሲገባ የያዘው አንድ ብሩሽና አንድ የእጅ ባትሪ ነው። መሰላል የለ፣ ካሜራ የለ። ምድጃው ፊት ተንበረከከ፣ ባትሪውን ወደ ላይ አበራ፣ «እህ» አለ። ብሩሹን እጁ እስከደረሰበት ድረስ ፈተግ ፈተግ አደረገ። ተነሳ። እጁን አራገፈ። አለቀ! ጫማውን ለማውለቅና ለማድረግ የፈጀበት ጊዜ ይበልጣል።

«ጣሪያ ላይ አይወጡም?» አልኩት። በትህትና ነው ያልኩት፣ እግዜር ያያል።

«ምን ላደርግ?»

ምን ላደርግ ይለኛል! ጭስ ማውጫው የሚያልቀው ጣሪያ ላይ አይደል እንዴ? ክዳኑ ቢሰነጠቅ፣ ወንፊቱ ቢቀደድ፣ ወፍ ጎጆ ብትሰራበት፣ እዚህ ተንበርክኮ በምን ዓይኑ ሊያየው ነው? ዋጥ አደረግኩትና «እሺ ካሜራስ አያስገቡም? የውስጡ ሸክላ ተሰንጥቆ ቢሆንስ?» አልኩ።

ይሄኔ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እህቶቼ ታውቋታላችሁ። ሴት ልጅ ስለ መኪና ሞተር ስትጠይቅ የምትወጣዋ።

«እህቴ፣ ጭሱ እየወጣ አይደል? ከወጣ ይሰራል ማለት ነው። ምን አስጨነቀሽ?»

እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል። ይሁን። ግን በዚህ አላበቃም። ዞር ብሎ ለባሌ ማስረዳት ጀመረ። ለባሌ! የጭስ መዝጊያው በየት በኩል እንደሚከፈት እስከዛሬ ለማያውቀው ሰውዬ! ባለፈው መዝጊያውን ሳይከፍት እሳት ለኩሶ እንግዳ ፊት ሳሎኑን በጭስ ያጠነው ማን ሆነና ነው? አሁን ሁለቱ እየተያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ መሃላቸው ተገትሬያለሁ።

አልተውኩትም። ከመዝጊያው በላይ ያለውን ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነገር በጣቴ አሳየሁትና «ይሄስ?» አልኩት።

«እሱማ ቀለሙ ነው።»

ቀለሙ!!! ማነው ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ቀለም የቀባው?

ወገኖቼ፣ ክሪዮሶት ነው የሚባለው። እንጨት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ ላይ ጥላሸት ነው፣ ብሩሽ ያነሳዋል። ሲደራረብ ቅርፊት ይሆናል። ሲብስበት ይደድርና ያብለጨልጫል፣ ያኔ ተራ ብሩሽ አይነካውም። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ ወዲያው መጠረግ አለበት። አንዴ ከተያያዘ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ባቡር በቤትህ ውስጥ የሚያልፍ ነው የሚመስለው ድምፁ። ሸክላው ይሰነጠቃል፣ እሳቱ በስንጥቁ ሾልኮ የጣሪያውን እንጨት ያገኛል። እና ይሄ ሰውዬ «ቀለሙ ነው» ይለኛል። ደግሞ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ጭር ብሎ ነድዶ የሚያልፍ እሳትም አለ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ሸክላው ተሰነጣጥቆ ይቀራል። ካሜራ ካሜራ የምለው አምሮኝ ነው?

የአሜሪካኖቹ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር መመዘኛ፣ ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው፣ ጭስ ማውጫ በዓመት ቢያንስ አንዴ ይመርመር ይላል። ቤት ሲሸጥማ ካሜራ የሚገባበት ጠለቅ ያለ ምርመራ ነው የሚያዘው። እኛ ይህን ቤት ስንገዛ የተመረመረው የእኛ ኪስ ብቻ ነው። ምድጃውን አዲስ ቀለም ቀብተው አስረከቡን። ፊት ለፊቱን። ሆዱን ማን ያያል?

በዚህ ላይ እንጨት ሻጩ አለላችሁ። «ደረቅ ነው፣ በእናቴ» ብሎ ምሎ ያራገፈው ፍልጥ እሳት ላይ ሲጥዱት ጫፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ይንሾካሾካል። ደረቅ ፍልጥ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ነው የሚሆነው። የእሱ መስኖ ላይ የነበረ ነው። ክሪዮሶቱ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ከእናቱ መሃላ ነው።

ደግሞ የባሌ ወንድም። አመዱን ጠርጎ በካርቶን አድርጎ በረንዳ ላይ ያስቀመጠው ሰው። «ጠፍቷል እኮ!» አመድ ውስጥ ያለ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ይቆያል! ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ገዝቼ እዚያው አስቀምጫለሁ። ማን ያየዋል? ጃንጥላ ማስቀመጫ አድርገውታል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን አታንሱብኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ በተኛህበት የሚወስድ ጋዝ ነው። ጭስ ማውጫው ከተደፈነ ወደየት የሚሄድ ይመስላችኋል? የመሣሪያው ባትሪ የት ነው? ሪሞት ውስጥ! ኳስ ሊያመልጣቸው ነበር አሉ።

ወደ ጀግናው ጠራጊያችን ልመለስ። በፈረንጆቹ 1775 ላይ ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች በጥላሸቱ ምክንያት ካንሰር እንደሚይዛቸው ጽፏል። ያኔ ሕፃናትን ነበር ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚያስገቡት። ግፍ ነው፣ ማንም እንዲገባልኝ አልፈልግም። ግን ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ሄደ። እጅጌው ላይ ነጥብ የለም! ጭስ ማውጫ ጠርጎ!

ወረቀትም ሰጥቶናል። «ተጠርጓል፣ ተመርምሯል፣ ችግር የለበትም።» ማህተም አለው። ብሩሹ እጀታው ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ማህተሙ ግን አዲስ ነው።

ባሌ ከፈለው። ጉርሻም ጨመረለት። ከሄደ በኋላ «ተይው በቃ፣ ወረቀቱን ሰጥቶን የለ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ደክሞኛል።

አሁን ምድጃው ፊት ወንበር ገትሬበታለሁ። ሌላ ሰው እስኪያየው ድረስ በዚህ ቤት ክብሪት የሚጭር የለም። ባሌ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ። መሰላልና ካሜራ ያለው ባለሙያ የምታውቁ ስልኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። «ራስሽ ለምን አትጠርጊውም» ልትሉ የመጣችሁ ግን ዛሬ እለፉኝ፣ ዛሬ አልችላችሁም።