«ነፃ ነገር ዋጋ የለውም» ለሚሉን የጽሕፈት አሠልጣኝ

ጸሐፊዎች በየዓመቱ በአንድ ወር ውስጥ የልቦለድ ረቂቅ እንዲጽፉ በነፃ ያበረታታ የነበረው ናኖራይሞ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መጨረሻ መዘጋቱን ካስታወቀ ወዲህ ብዙ ተብሏል፤ ሰሞኑን የሰማሁት ግን በዝምታ የሚታለፍ አልሆነልኝም። አንድ የፈጠራ ጽሑፍ አሠልጣኝ በቀጥታ በተላለፈ ውይይት ላይ፣ የድርጅቱ መዘጋት በኢንተርኔት ለጸሐፊዎች በነፃ የሚሰጥ ድጋፍ ዕድሜ እንደሌለው ማረጋገጫ ነው ሲሉ ተናገሩ። «ያልተከፈለበት ዕውቀት ዋጋ የለውም» ብለውም አከሉና፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ የራሳቸውን የክፍያ ኮርስ ወደ ማስተዋወቅ ተሻገሩ።

ከዕድሜው እንጀምር፤ ውኃ የማያነሳው ይኸኛው ነውና። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ማይክል ሃርት የአሜሪካን የነፃነት ዐዋጅ በኮምፒውተር ከጻፈበት ከ1971 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍትን ማንም እንዲያወርድ ክፍት አድርጎ ተቀምጧል። ጸሐፊዎች አንዳቸው የሌላውን ረቂቅ የሚተቹበት ክሪተርስ ከ1990ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ እየሠራ ነው። ናኖራይሞ ራሱ በ1999 በ21 ሰዎች ተጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ዘልቋል። አሠልጣኙ በዚህ ዕድሜ የሚፎካከር የክፍያ ኮርስ ቢጠቁሙን ደስ ይለናል። ድርጅቱ የገንዘብ ችግር እንደነበረበት አልክድም፤ ራሱም ተናግሮታል። ነገር ግን በ2024 ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በጅምላ መቃወም መደብንና አካል ጉዳተኝነትን መሠረት ያደረገ አድልዎ ያዘለ ነው የሚል መግለጫ አውጥቶ፣ አብረውት ይሠሩ የነበሩ ደራሲዎች ጥለውት መውጣታቸውን ማን ረሳው? የጸሐፊዎችን አመኔታ ያጣ ድርጅት መዋጮ ቢነጥፍበት የነፃ አገልግሎት ጥፋት ሊሆን አይችልም።

አሠልጣኙን ያልገባቸው፣ ወይም እንዲገባቸው ያልፈለጉት፣ ሌላ ነገር አለ። ለጀማሪም ሆነ ለሚሠራ ጸሐፊ ከኢንተርኔት የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል የሚነገረው ምክር አይደለም፤ እሱማ ሞልቶ የተረፈ ነው፣ ግማሹም ገለባ ነው። ትልቁ ጥቅም ጸሐፊውን ከአጭበርባሪ መከላከሉ ነው። ደራሲው ጄምስ ማክዶናልድ «ገንዘብ ወደ ጸሐፊው ይፈስሳል» ያለው፣ በሙያው ውስጥ የዮግ ሕግ እየተባለ የሚጠቀሰው አነጋገር የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ለማሳተም ክፈል የሚልህ አሳታሚ ደንበኛው አንባቢ አይደለም፣ አንተ ነህ። ጀማሪው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው፤ «መጽሐፌን የሚያሳትምልኝ» ብሎ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ የሚመጡለት መስመሮች የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸውና፣ በመጀመሪያ የሚያገኘው ቀን ከሌት የሚጠብቀውን ነጋዴ ነው።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «ድንቅ መጽሐፍዎን በአድናቆት አንብበነዋል» የሚል ኢሜይል ደርሶኛል። የመጽሐፉ ርዕስ መግባት በነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ቅንፍ ብቻ ተቀምጧል። ከሥር የአርትዖት፣ የሽፋንና የማስተዋወቂያ «የጋራ ወጪ» ሠንጠረዥ ነበር፤ የጋራ የተባለው ወጪ በሙሉ ግን የተጻፈው በእኔ ስም ነው። ቅንፉን እያየሁ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ትንሽ ሞቆ ነበር። ያዳነኝ የላኪውን ስም «ቅሬታ» ከሚል ቃል ጋር አድርጌ መፈለጌ ነው፤ ያንኑ ደብዳቤ ቃል በቃል፣ ከነአድናቆቱ፣ የተቀበሉ ጸሐፊዎች የጻፉትን አገኘሁ። አንዳቸውም ሳንቲም አልጠየቁኝም። ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ያሉ አሳታሚዎችንና ወኪሎችን እየተከታተለ የሚያጋልጠው ራይተር ቢዌርም የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ የክፍያ አጥር ውስጥ ብናስገባው፣ የሚያነበው ማስጠንቀቂያው የማያስፈልገው ሰው ብቻ ይሆናል። ነፃ መሆኑ ጉድለቱ ሳይሆን የሚሠራበት ምክንያት ነው፤ ይህን ማስተዋል የተሳነው ሰው ለጀማሪዎች አሠልጣኝ መሆኑ ያስፈራል።

ክፍያ ሲመጣ ጸሐፊዎች የሚያደርጉትንም አይተናል። የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶችን የአቀባበል ሁኔታ የሚዘረዝረው ዱዎትሮፕ በ2013 ወደ ክፍያ ሲሸጋገር፣ በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው ሰብሚሽን ግራይንደር በነፃ ተከፈተ፤ እስካሁንም አለ።

ጥሩ የክፍያ መምህር የለም አልልም፤ አሉ፣ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ከየትኛውም ኮርስ ይልቅ ያስተማረኝ፣ ረቂቅ የተለዋወጥነው ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው በኅዳጉ ላይ የጻፈልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ሰውዬው በገጽ 4 ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ መቼ ተነሣ?» እኔ ያንን ገጽ ከአሥር ጊዜ በላይ አንብቤው ነበር። በምላሹ የእሱን ሃያ ገጽ አነበብሁለት፤ ክፍያው ይኸው ነበር፣ የሌላውን ስሕተት ስፈልግ የራሴን ማየት የጀመርሁትም ያኔ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት፣ እንዳልበድላቸው ብዬ፣ የአሠልጣኙን ኮርስ ዝርዝር ከፍቼ ተመለከትሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ፣ ሁለት አጫጭር ልቦለዶችን ከፕሮጀክት ጉተንበርግ አውርዳችሁ አንብቡ ይላል።